ያልተፈታ ሞተር

የሙህዬ ጢያራ ገደል የገባችው ሞተሯ ራሱን ስላዳነ ነው።

እርግጥ እስከ ታች፣ እስከ በሽሎ ወንዝ ድረስ አልወረደችም። ከደላንታ አምባ ጫፍ ጥቂት ዝቅ ብሎ የገብስ እርከን አለ። እዚያ ላይ አረፈች፤ ገብሱን እያጨደች ሄዳ የድንጋይ ካቡን ስትነካ ቆመች። አንድ ጎማዋ ተነቀለ፣ የግራ ክንፏ ሸራ ተቀደደ፣ የሙህዬ ግንባር ተፈነከተ። የቅሬው ሰዎች ወርደው ክንፉን ለብቻ፣ ሞተሩን ለብቻ ፈትተው በቃሬዛ ተሸከሟት። ቅሬ የመንደሩ እድር ነው፤ የለመደው ቀብር ነው። ማንም ሳያዛቸው አንገታቸውን ደፍተው፣ ድምፃቸውን አጥፍተው ዳገቱን ይወጡ ጀመር። ሙህዬ ግንባሩን በሽርጡ ጠቅልሎ ከኋላ ይከተላል።

"ኧረ ቀና በሉ! አልሞተችም እኮ! ምን አስተከዛችሁ?"

"ዝም በል አያ ሙህዬ፤ ሟች አይናገርም" አለው ከፊት የያዘው። ቃሬዛው በሳቅ ተንገዳገደ።

ረምላ ጫፉ ላይ ቆማ ጠበቀቻቸው። የሙህዬ ትልቋ ልጅ ናት፤ ኮምቦልቻ ምህንድስና ተምራ የተመለሰች፣ ሰው ቀስ ብሎ ሲያወራ እግሯን የምታወዛውዝ። አባቷን አላቀፈችውም። ሽርጡን ገልጣ ቁስሉን አየች፣ መልሳ ሸፈነችው፣ ከዚያ ሄዳ ሞተሩን ዳሰሰች። ገና ትኩስ ነው።

"ምን ሆነ?"

"የገብሱን ጆንያ በእህትሽ በፎዚያ ቦታ አስቀምጬ ወደ ገደሉ ወረድኩ፤ ከነጭነቷ መውጣት ትችል እንደሆነ ልይ ብዬ። ጫፉን ልወጣ ትንሽ ሲቀረኝ ቀዩ መብራት በራ። ከዚያ ጉልበቱ ጠፋ። ብረግጠው፣ ብረግጠው፣ እንቢ! አልጠፋም ደግሞ። ቀስ ብሎ ያንጎራጉራል።"

"ሞቆበት ነው። ሲሞቅበት ዳር ይዘህ እንድትቆም ፈለገ።"

ሙህዬ ዞር ብሎ ገደሉን አየ። "ዳሩ የት አለ?"

"እሱ ምን ያውቃል? መኪና ነው።"

ከአምባው ወደ ደሴ የሚወስደው መንገድ ከተናደ ቆይቷል። መልሶ የሠራው የለም፤ እቃ በሰማይ ይመጣል፣ ስኳሩም ጥፍር መቁረጫውም በየደጁ ይወርዳል። ሰው ሲሆን ግን ሌላ ነው። ሰው የሚሄደው በሰማይ ማመላለሻው ነው፤ ማመላለሻው የሚነሳው ሞግዚት ሲፈቅድ ነው፤ ሞግዚት በክረምት አይፈቅድም።

ሞግዚት፣ ሰውን ከአደጋ የሚጠብቀው ማሽን፣ በየቤቱ አለ። ጠዋት በሩ የቀኑን ይናገራል፤ የት አንሸራታች እንደሆነ፣ ዝናቡ መቼ እንደሚጀምር። መሰላል ላይ የወጣ ሰው በስሙ ይጠራል። ሙህዬ ደም ግፊት ስላለበት ሦስተኛ ሻይ ሲጥድ ምድጃው ይጠፋል። ስለዚህ ሦስተኛውን ሻይ ጎረቤቱ ውድነሽ ቤት ሄዶ ይጠጣል፤ ውድነሽ ደግሞ ጨው የበዛበት ወጥ ሲያምራት ሙህዬ ቤት ትመጣለች። የአንዱ ቤት ሞግዚት የሌላውን ቤት በሽታ አያውቅም። አምባው ላይ ጉርብትና የሚባለው ከሞላ ጎደል ይህ ነው።

በአደጋ የሞተ ሰው ከጠፋ ዓመታት አልፈዋል። በየዓመቱ መጨረሻ ይህ ይነገራል፤ እውነትም ነው። ማመላለሻ ሲጠብቁ የሞቱት በአደጋ አይቆጠሩም። የረምላ እናት ሰአዳ ትርፍ አንጀቷ ፈንድቶ፣ ሐምሌ ጭጋግ ውስጥ፣ መኝታዋ ላይ ሆና ጠበቀች። ሞግዚቱ በየሰዓቱ በለሰለሰ ድምፅ "አብረንዎት ነን" ይላት ነበር። እስከ መጨረሻው አብሯት ነበር።

ሙህዬ ጢያራዋን መሥራት የጀመረው ከሰደቃዋ ማግስት ነው። ክንፏን ከአሉሚኒየም ቱቦና ከሸራ አበጃት። ሞተሩን ግን አልፈለገም፤ ነበረው። ድሮ፣ ቤንዚን መኪና ከመንገድ ሳይባረር፣ ደሴ ላይ ታክሲ ይነዳ ነበር። ታክሲዋ ዝጋ አልቃለች፤ ባለ ሦስት ሲሊንደሩን ሞተር ግን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ አስቀምጦት ነበር። የቀረውን ረምላ ሠራችው። የመኪና ሞተር ጉልበት የሚያወጣው ሲፈጥን ነው፤ ፕሮፔለር ደግሞ ሲፈጥን አየሩን ይቀደዋል እንጂ አይገፋውም። በመካከላቸው አንድ ትንሽና አንድ ትልቅ መዘውር በቀበቶ አገናኘች፤ ሞተሩ ይሮጣል፣ ፕሮፔለሩ ይራመዳል። ቤንዚን ስለሌለ ውድነሽ ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ጊዜ ያወጣችው የገብስ አረቄ ይቀዳበታል። ሙህዬ በዕድሜው ጠብታ አልቀመሰም።

"ሞተርህን ብቻ መስጊድ እንዳታስገባው፣ አያ ሙህዬ" ትለዋለች ውድነሽ ጀሪካኑን ስታስረክብ። "ትንፋሹ ያጋልጥሃል።"

ለሞግዚት ጢያራዋ የእርሻ መሣሪያ ናት፤ ገብስ ላይ መድኃኒት የምትረጭ። ሞግዚት ያላመነበትን አይመረምርም፤ ሰው ሊሳፈርባት ይችላል ብሎ ማሰቡ ራሱ ደንብ ይጥሳል።

አሁን ነሐሴ ነው፤ የረምላ ታናሽ እህት ፎዚያ ወሯ ገብቷል። የጤና ጣቢያው ማሽን ሆዷን አይቶ ልጁ መጋደሙን፣ በምጥ ብቻ እንደማይወለድ፣ ደሴ ሄዳ በቀዶ ሕክምና መውለድ እንዳለባት ነገራት። ቀጥሎ ማመላለሻው በአየሩ ምክንያት መቆሙን ነገራት። ሁለቱንም በአንድ ድምፅ።

*

ጢያራዋ የምታድረው ድሮ የእህል መጋዘን በነበረ ቤት ነው። ሰው ስለማይኖርበት ሞግዚት የለውም። ክንፉን ውድነሽ ሰፋችው፣ ጎማውን የቅሬው ሰዎች መለሱት። ሞተሩ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ አባትና ልጅ ግራና ቀኝ ቆመዋል።

"ቴስታው ይነሳል" አለች ረምላ፣ እጇን የሲሊንደሮቹ ክዳን ላይ አሳርፋ።

"አይነሳም።"

"አባዬ፣ ሞቋል። ተጣሞ ይሆናል። ሳላየው ሰው አልጭንበትም።"

"ይኼ ያልተፈታ ሞተር ነው።"

ደሴ ውስጥ፣ በሙህዬ ወጣትነት፣ መኪና ሲሸጥ ደላላ መጀመሪያ የሚናገረው ይህን ነበር። ቀለሙ ተላጠ፣ ወንበሩ ተቀደደ፣ ግድ የለም፤ ሞተሩ ያልተፈታ ከሆነ ገዢ ይሰለፋል። ፋብሪካ ያሰረውን እጅ አልነካውም ማለት ነው። ሙህዬ ለታክሲዋ ይህን ስም ዕድሜውን ሙሉ ጠበቀላት። ጢያራ ሲሠራም ዙሪያውን ሁሉ አስቀየረ፤ ቴስታውንና ሞተሩን የሚያዘውን ኮንትሮል ቦክስ ግን አላስነካም። ዳር ይዞ መቆም የለመደው ያ ቦክስ ነው። ረምላም ያኔ "እሺ፣ ኦርጂናሉ ይሻላል" ብላ ነበር። ከሁሉ አብልጦ የሚያናድዳት ይኸው ነው። ዩኒቨርሲቲ የተማረ ሰው ኦርጂናል በሚል ቃል ተታለለ።

"የሰው አገር ሰው በማሽን ያጠበቀውን አንቺ በዚህ በካቻቢቴሽ—"

"በካቻቢቴ አይፈታም።"

"ምንም ይሁን!"

ፎዚያ ሆዷን በሁለት እጇ ደግፋ በሩ ላይ ቆማ ነበር። መቼ እንደመጣች አላዩም።

"አባዬ" አለች፣ "እኔ ደሴ ስደርስ ሆዴን ሊከፍቱኝ ነው አይደል?"

ሙህዬ ወደ ሞተሩ ዞረ።

"እኔ ልከፈት፣ ሞተርህ አይከፈት?"

ሙህዬ የዘይት ጣሳ ገልብጦ ተቀመጠ። የግንባሩን ፋሻ ነካካ። ከዚያ ተነሥቶ ወጣ። በሩን ሲያልፍ ለማንም ሳይሆን ለደጁ እንደሚናገር፣ "ክፈችው እሺ" አለ።

ረምላ ላይኛውን ክዳን አነሳች። ከሥሩ ቴስታውን የያዙት ቡሎኖች ተደርድረዋል። እያንዳንዳቸው አናት ላይ ጠቆር ያለ ቀይ ነጠብጣብ አለ።

መካኒክ አጥብቆ የጨረሰውን ቡሎን እንዳይስተው በቀለም ምልክት ያደርግበታል። ፋብሪካም ያደርጋል። ፋብሪካ ግን በጥፍር ቀለም አያደርግም። ረምላ በጣቷ ጫነችው፤ አዎ፣ የጥፍር ቀለም ነው፤ ቀለሙንም ታውቀዋለች። ሰአዳ ለዒድ ብቻ የምትቀባው ነበር። አባቷ ጨጓራው ደምቶ ሆስፒታል የተኛበት ዓመት፣ ረምላ ገና ትንሽ ልጅ ሳለች፣ እናቷ ዒድን በባዶ ጥፍር አሳልፋለች። "ቀለሙስ?" ብላ ጠይቃት ነበር። "አለቀ" አለቻት ሰአዳ፤ ሳቅ ብላ።

ነገሩ ግልጽ ነበር። ባሏ ተኝቶ ታክሲዋ ተበላሸች። ቤቱ የሚበላው ከታክሲዋ ነው። ሰአዳ ጋራዥ ወስዳ አስፈታቻት፤ አጠገቡ ቆማ መካኒኩ ምልክት ማድረጊያ ሲያጣ ከቦርሳዋ ቀለሟን አውጥታ ሰጠችው። ከዚያ ለባሏ እንዳይነግሩት የጋራዡን ሰው ሁሉ አፍ አስያዘች።

ረምላ ጨርቅ አረቄ ውስጥ ነከረች። ነጠብጣቦቹ በአንድ ማበስ ይጠፋሉ፤ አባቷም ያልተፈታ ሞተሩን ይዞ ይኖራል። ጨርቁን ወደ መጀመሪያው ቡሎን አስጠጋች።

"አትጥረጊው" አለ ሙህዬ፣ ተመልሶ ከኋላዋ ቆሞ።

ዘወር አላለችም።

"ታውቃለህ?"

"ከሆስፒታል የወጣሁ ዕለት። ቁልፉን ሳዞር። ሹፌር የሞተሩን ድምፅ አይለይም ብላ ነው?" ቀረብ ብሎ አጎንብሶ ነጥቦቹን አየ። ይህን ግን አላወቀም ነበር፤ ቀለሙን። ቶሎ ቀና አላለም። "እዩልኝ እስቲ" አለ ቀስ ብሎ። "የዒዱን ቀለም።"

"ታዲያ ቅድም 'ያልተፈታ' እያልክ ስትጨቃጨቀኝ የነበረው?"

"ሰው ሲመጣ 'ያልተፈታ ነው' እላለሁ፤ እሷ ከጎኔ ሆና 'እውነቱን ነው፣ ማንም አልነካው' ትላለች። ፊቷን ብታዪው! ጉንጯ ሊፈነዳ። እንዲያ ያለ ደስታ እንዴት ብዬ ልንጠቃት?"

"ከሞተች በኋላስ?"

"ከሞተች በኋላማ ይብሱን።"

ረምላ ጨርቁን ጠረጴዛው ላይ ጣለችና የመጀመሪያውን ቡሎን ፈታች። ሌሎቹን አባቷ ፈታቸው፤ ቀዩ እንዳይላጥ መፍቻውን በስስ ጨርቅ ሸፍኖ።

ቴስታው አልተጣመመም። የሰአዳ መካኒክ ጎበዝ ነበር። ከሥሩ ያለው ማሸጊያ፣ ጋስኬቱ፣ ግን ተቃጥሎ ስለነበር ረምላ ከመዳብ ቆርቆሮ ሌላ ቆረጠች። መልሳ ስታጠብቅ ፎዚያ ወንበር ተደግፋ ከጎኗ ተቀመጠች፤ ረምላ "ይኼ አልቋል" ባለች ቁጥር ከቀዩ አጠገብ የራሷን ሐምራዊ የጥፍር ቀለም ነጥብ ታደርጋለች። አንዱ ነጥብ ተንጋደደ፤ ልጁ ረግጧት ነው።

በመጨረሻ ረምላ የፋብሪካውን ቦክስ ነቅላ በምትኩ የሠራችውን አሰረች። የእሷ ሳጥን ሲሞቅ ያበራል፣ ይጮሃል፤ ጉልበት ግን አይቀንስም።

"እና ቢብስበትስ?" አለ ሙህዬ።

"ይቀልጣል። እስኪቀልጥ ግን ይሠራል።"

ሙህዬ ሞተሩን ትከሻው ላይ መታ መታ አደረገው። "ምስኪን። አሁን ገና ሰው ሆንክ።"

*

"ማን ነው የሚያበራት?" አለች ፎዚያ።

"እኔ" አሉ ሁለቱም።

ረምላ ቀደመች። "ፎዚያ ከነልጇ፣ አንተ ከነቦርጭህ፣ በዚህ ስስ አየር? ጢያራ ናት እንጂ አህያ አይደለችም። የኩታበርን ተራራ ለማለፍ መክበድ የለባትም።"

"እኔ አይደለሁ ያስተማርኩሽ?"

"ስለዚህ እችላለሁ።"

"ጭጋግ ቢመጣ—"

"እመለሳለሁ።"

"ቀበቶው ቢበጠስ—"

"ገብስ ማሳ ፈልጌ አርፋለሁ፤ እንደ አባቴ።"

"እናትሽን ቀብሬያለሁ!" አለ ሙህዬ። ድምፁ ከቆርቆሮው ተጋጭቶ ተመለሰ። "ሁለት ነው ያለኝ። ሁለቱንም በአንድ ሸራ ላይ ጭኜ እኔ እዚህ ቆሜ..." አልጨረሰውም። ጣሳው ላይ ተቀመጠ። ቀና ብሎ ረምላን አየ። "እንደ ሞግዚት አወራሁ፣ አይደል?"

"ትንሽ።"

"ትንሽ ነው?"

"ብዙ። ግን የአንተ ድምፅ ይሻላል።"

በማግስቱ ከሰዓት ዝናቡ ፋታ ሲሰጥ ረምላ የገብሱን ጆንያ በፎዚያ ቦታ አስቀምጣ ተነሣች። ወደ ገደሉ ወረደች፣ አፍንጫዋን ወደ ላይ አድርጋ መውጣት ጀመረች። አባቷ የነገራት ቦታ ላይ ስትደርስ ቀዩ መብራት በራ። ሳጥኑ ጮኸ። እግሯ ነዳጁን ሊለቅ ፈለገ፤ ዕድሜዋን ሁሉ መብራት ሲበራ መቆም፣ ሲነገሩ መመለስ የተማረ እግር ነው። አለቀቀችም። ሞተሩ እየጮኸ፣ እየሸተተ ገፋ። የገብሱ እርከን በሥሯ አለፈ፣ ካቡ አለፈ፣ ጫፉ አለፈ። አምባው ላይ ስትወጣ አፍንጫዋን ትንሽ ዝቅ አደረገች፤ ንፋሱ ራዲያተሩን አገኘው፣ መብራቱ ጠፋ።

ስትወርድ አባቷ ሜዳው መሃል ዓይኑን ጨፍኖ ቆሞ ነበር። ሲሰማ ነው የቆየው እንጂ አላያትም።

"ሦስተኛው ሲሊንደር ትንሽ ይነጫነጫል" አለ።

"ይነጫነጭ።"

"ይነጫነጭ እንግዲህ" አለ፣ ፊቱን በመዳፉ እየጠረገ።

*

የፎዚያ ምጥ ጠዋት፣ ገና ሻይ ሳይፈላ ጀመረ። ከእሷ ቀድሞ ሞግዚት አወቀ። መብራቱን ለስላሳ አደረገው፣ ቤቱን አሞቀው።

"ወይዘሮ ፎዚያ፣ ማመላለሻው በአየሩ ምክንያት አልተነሣም። ይረጋጉ፣ ይጠብቁ። አብረንዎት ነን።"

ፎዚያ የእህቷን ክንድ ጨመደደች። ይህን ቃል ከዚህ በፊት ሰምተውታል፤ በዚሁ ክፍል፣ በዚሁ ድምፅ።

"ፎጣውን ያዥ" አለች ረምላ። "ጫማሽን እኔ አደርግልሻለሁ።"

"ረምላ፣ ፈራሁ።"

"እኔም ፈርቻለሁ። እግርሽን አንሺ።"

ደጁ ላይ ውድነሽ ጀሪካን ተሸክማ ደረሰች፤ ትንፋሿ ይቆራረጣል። "አያ ሙህዬ ልኮኝ ነው። ጭጋጉ ገደሉ ውስጥ ተኝቷል፣ ላዩ ግን ጠርቷል በያት ብሏል። ሞተሩንም አሙቆታል። አረቄዋ አራት ጊዜ የወጣች ናት፤ ለዚህች ልጅ ብዬ ነው፣ ለጳጳስም አላወጣሁ!" ከዚያ ፎዚያን አየቻትና ጀሪካኑን አስቀምጣ ፊቷን በሁለት እጇ ያዘቻት። "ነይ የኔ እመቤት። ነይ፣ ተደገፊኝ። ሁለት ልጅ ይዛ የሄደች ጢያራ ሦስት ይዛ ትመለሳለች።"

"መመለሱ በማመላለሻ ነው" አለች ረምላ። "ክብደት።"

ፎዚያ ምጧ መሃል ሳቀች። እሷና ውድነሽ ተቃቅፈው ጭቃውን ተሻገሩ። ከሜዳው ማዶ ሞተሩ ይሰማል፤ ሙህዬ ክንፏን ይዞ በፋሻ የታሰረ ግንባሩን ወደ ሰማይ አቅንቶ ቆሟል።

ረምላ ቦርሳውን አነሳች፣ የልጁን ልብስ ደረበችበት፣ ጀሪካኑን በሌላ እጇ ያዘች፣ ወጣች። በሩ ከኋላዋ አልተዘጋም።

"ወይዘሪት ረምላ" አለ ሞግዚቱ፣ "መንገዱ አይመከርም። እስክትመለሱ በሩ ክፍት ሆኖ ይጠብቃችኋል።"

ወደ ኋላ ዞረች። ሞቃቱ አየር ከቤቱ እየወጣ ወደ ብርዱ ይበተናል። ሞግዚቱ ቤታቸው ከገባ ጊዜ ጀምሮ እንደ ዛሬ አሳዝኗት አያውቅም። ግን ዛሬ ማታ እዚህ ቤት የሚያድረው አባቷ ብቻውን ነው፤ እየበረደው እንዲያድር አልፈለገችም።

ጀሪካኑን መሬት አስቀመጠች። መዳፏን በሩ ላይ አድርጋ ገፋች። የሰው እጅ ስላልለመደ ከበዳት። በትከሻዋ ገፋችው፤ ቀጭ ብሎ ተዘጋ።